ስለ ጽሞና ሙዚቃ



ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውም የገንዘብ ሳይሆን የሳቅ ነው።

በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ፥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ የሙዚቃ ክበባችን አባሎች እንደ ልማዳችን ተሰብስበን ሳለን፥ ክበቡን የሚመሩት መምህራችን አንድ የፒያኖ ድርሰት አሰሙን። ፒያኖው መጀመሪያ አንድ ወፍራም ድምፅ ሰጠና ዝም አለ። ጥቂት ቈይቶ ከላይ ሁለት ቀጫጭን ድምፆች እንደ ጠብታ ወረዱ፤ እንደ ገናም ዝም አለ። እኛ ከበሮው መቼ ይገባል፥ ዘፋኙስ መቼ ይጀምራል እያልን ስንጠብቅ ይኸው ጠብታ ብቻ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ እኔ ከሁሉ ቀድሜ «መምህር፥ ማጫወቻው ተበላሸ እንዴ?» አልሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ያልሳቀ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሳቁ ጋብ ሲል እጁን አወጣና «እባክዎን እንደ ገና ከመጀመሪያው ያሰሙን» ብሎ ለመነ። ይህ ልጅ በዚያው ክረምት እናቱን የቀበረ መሆኑን የነገሩኝ ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደየቤታችን ስንሄድ ነው።

መምህራችን አልተቈጡኝም። «የሳቅህበትን ነገር መርምረህ ለመጽሔታችን ጻፍልን፤ መርምረህ ስታበቃም የሚያስቅህ ከሆነ ያን ጊዜ ደስ ብሎህ ሳቅ» አሉኝ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ሳነብና ሳዳምጥ ቈይቼ ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የሦስት ቀን በዓል በለንደን

ነገሩን ለማስረዳት ከአንድ በዓል እጀምራለሁ። ከጁን 24 እስከ 26 ቀን 2016፥ ማለት ከዓርብ እስከ እሑድ፥ በለንደን ከተማ «ዲፕ ሚኒማሊዝም» የተባለ የሙዚቃ በዓል ተደርጎ ነበር። ስሙን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «በጥቂት ነገር ወደ ጥልቅ መውረድ» እንደ ማለት ነው። ለዚህ በዓል የተመረጡት ድርሰቶች ለጭፈራ የተሠሩ አይደሉም፤ ሰው ተቀምጦ፥ ጸጥ ብሎ፥ ሳይቸኵል እንዲሰማቸው የተሠሩ ናቸው። በዚያው ዓርብ ጧት የብሪታንያ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ መስጠቱ ተነግሮ፥ አገሩ በሙሉ በክርክር ሲናወጥ ዋለ። እንግዲህ በውጭ ያ ሁሉ ጫጫታ ሳለ፥ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ረጃጅምና ዝግተኛ ድምፅ ያዳምጡ ነበር ማለት ነው።

አዳራሹ ራሱ ታሪክ አለው። ቅዱስ ዮሐንስ ስሚዝ ስኩዌር ይባል የነበረው ይህ ሕንፃ ከእንግሊዝ ፓርላማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሲሆን፥ ቶማስ አርቸር የተባለ የሕንፃ ባለሙያ ንድፉን አውጥቶለት በ1728 የተፈጸመ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በሜይ 10 ቀን 1941 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ከሃያ ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ከኖረ በኋላ ታድሶ በ1969 የሙዚቃ አዳራሽ ሆነ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በዓሉ ተስማሚ ቤት አግኝቷል አልሁ፤ ምክንያቱም ሙዚቃውም እንደ ሕንፃው በጦርነት ፍርስራሽ ላይ የተነሣ ነውና።

ከጦርነት የወጣ ዝግታ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስቀድሞ የነበሩት የአውሮፓ ታላላቅ የኦርኬስትራ ድርሰቶች ብዙውን ጊዜ እንደ ጀግና ታሪክ ይሄዱ ነበር። ይነሣሉ፥ ይታገላሉ፥ በመጨረሻም በታላቅ ድምፅ ያሸንፋሉ። በጦርነቱ ጊዜ ግን የሰልፉ ማርሽና የድሉ ዜማ ከሞት ጋር አብሮ ተሰማ። ስለዚህም አንዳንድ ደራስያን ከፍ ብሎ በመጮኽ ፈንታ ዝቅ ብሎ መናገርን፥ በመሮጥም ፈንታ መቆምን መረጡ።

ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ሜሲያን ነው። ሜሲያን በ1940 በጀርመኖች ተማርኮ ጌርሊትስ በተባለው ከተማ አጠገብ በሚገኝ የምርኮኞች ሰፈር ታሰረ። በዚያም ሳለ ለክላሪኔት፥ ለቫዮሊን፥ ለቼሎና ለፒያኖ የሚሆን ስምንት ክፍል ያለው ድርሰት ጻፈ፤ ስሙንም «የዘመን ፍጻሜ አራትዮሽ» ብሎ ጠራው። እነዚህን አራት መሣሪያዎች የመረጠው ከእርሱ ጋር የታሰሩት ሙዚቀኞች የሚያውቁት እነዚህን ስለ ነበር ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1941፥ በብርቱ ብርድ፥ በምርኮኞችና በጠባቂዎቻቸው ፊት ተሰማ። የመጨረሻው ክፍል የቫዮሊንና የፒያኖ ብቻ ነው፤ ቫዮሊኑ በጣም በዝግታ ወደ ላይ እየወጣና እየሳሳ ሄዶ ጸጥ ይላል። እሥረኛ የሆነ ሰው ቀኑ አልመሽ ሲለው ዝግታን እንደ ቅጣት ሊቈጥረው በተገባ ነበር። ሜሲያን ግን ያንኑ ዝግታ ወደ ጸሎት ለወጠው።

ሁለተኛው ምሳሌ የፖላንዱ ሄንሪክ ጎሬትስኪ ነው። በ1976 የጻፈው ሦስተኛው ሲምፎኒ ሦስት ክፍል አለው፤ ሦስቱም ዝግተኛ ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል ከሁሉ የወፈሩት ባለ አውታር መሣሪያዎች ከምድር በታች የመጡ በሚመስል ድምፅ ይጀምራሉ፤ ሌሎቹም አንዱ ያንዱን ዜማ እየተቀበለ በየተራ ይጨመራሉ። በሁለተኛው ክፍል አንዲት ሴት የምታዜመው ቃል ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። በ1944 ዛኮፓኔ በተባለው ከተማ፥ በጀርመን የምስጢር ፖሊስ እሥር ቤት ውስጥ፥ አንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ በግድግዳ ላይ የጻፈችው ነው። እናቷ እንዳታለቅስላት ትለምናለች፤ ወደ እመቤታችን ወደ ማርያምም ትጸልያለች። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሆይ፥ ይህች ልጅ የእኛ እኩያ ናት።

ይህ ሲምፎኒ በ1977 በፈረንሳይ አገር በሩዋያን መጀመሪያ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሐያስያን አልወደዱትም፤ ከመጠን በላይ ቀላልና ተደጋጋሚ ነው አሉት። በ1992 የወጣው ቅጂ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሕዝቡ ሐያስያኑ ያልሰሙትን ነገር ሰማበት ማለት ነው። እኔ ይህን ከአገራችን የለቅሶ ቤት ልማድ ጋር አስተያየሁት። ጎረቤት ለቅሶ ቤት መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ይልና ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ምንም ላይናገር ይችላል። ሆኖም መጥቶ መቀመጡ ራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን ሐዘንተኛው ያውቀዋል። የጎሬትስኪም ሙዚቃ እንደዚሁ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል እንጂ «አይዞህ፥ ተነሥ» እያለ አይጐተጕትም።

ምንም የማይመታበት ድርሰት

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስቀው እሄዳለሁ። አሜሪካዊው ጆን ኬጅ በ1951 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ድምፅ ወደማይገባበትና ወደማያስተጋባ አንድ ክፍል ገባ። ፍጹም ጸጥታ እሰማለሁ ብሎ ሲጠብቅ ሁለት ድምፆች ሰማ፤ አንዱ ቀጭን፥ ሁለተኛው ወፍራም። ስለ ጉዳዩ ሲጠይቅ ቀጭኑ የራሱ ነርቭ፥ ወፍራሙም የሚዘዋወረው ደሙ ድምፅ መሆኑን ነገሩት። ከዚህ በኋላ ኬጅ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ፍጹም ዝምታ የሚባል ነገር የለም ወደሚል አሳብ ደረሰ።

በኦገስት 29 ቀን 1952፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በዉድስቶክ አጠገብ፥ ጀርባው ወደ ጫካው በተከፈተ አንድ የእንጨት አዳራሽ ውስጥ ዴቪድ ቱዶር የተባለው ፒያኖ ተጫዋች ከፒያኖው ፊት ተቀመጠ፤ ክዳኑን ዘጋ፤ ሰዓቱንም እየተመለከተ ምንም ሳይመታ ቈየ። ድርሰቱ ሦስት ክፍል ስላለው አንዱ ሲፈጸም ክዳኑን እየከፈተ፥ የሚቀጥለው ሲጀምር እየዘጋ አራት ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ አሳለፈ። የድርሰቱም ስም ይኸው የጊዜው ልክ ነው። ተመልካቾቹ ተቈጡ፤ ከፊሎቹም ወጥተው ሄዱ። ኬጅ ግን በመጀመሪያው ክፍል የነፋሱ፥ በሁለተኛው በጣራ ላይ የወረደው የዝናብ፥ በሦስተኛውም የሚነጋገሩትና የሚወጡት ሰዎች ድምፅ ይሰማ እንደ ነበር ኋላ ተናግሯል።

ይህ ቀልድ ነውን? እኔም መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስለ ሥዕል ክፈፍ ባሰብሁ ጊዜ ግን ነገሩ ገባኝ። ክፈፉ ራሱ ሥዕል አይደለም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለውን ነገር «ይህን ተመልከት» ይላል። ኬጅም ድምፅ አልሠራም፤ በየዕለቱ ሳንሰማው ለሚያልፈው ድምፅ ክፈፍ ሠራለት። ይህን ከጓደኞቼ ጋር ስንሞክረው የሆነውን ወደ መጨረሻ እነግራለሁ።

የደወሉ ድምፅና የአሊና እናት

መምህራችን ያሰሙንና እኔ የሳቅሁበት ድርሰት የአርቮ ፔርት ነው። ፔርት በ1935 በኤስቶኒያ ተወለደ። አገሩ በሶቪየት ኅብረት ሥር በነበረችበት ዘመን፥ በ1968 «ክሬዶ» የተባለ ሃይማኖትን የሚመሰክር ድርሰት አሰምቶ ከባለሥልጣኖች ጋር ተጋጨ። ከዚያ በኋላ እስከ 1976 ድረስ ከጥቂት ሥራ በቀር ምንም አልጻፈም። በእነዚህ ዓመታት ጥንታዊውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጦ አጠና። ዝምታውን ሲፈታ ያወጣው ድርሰት «ለአሊና» የሚባለው ነው፤ ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ሁለት ድምፆች አብረው ይሄዳሉ። አንደኛው በደረጃ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሰው አንድ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ሁለተኛው ግን አይራመድም፤ ሁልጊዜ ከሦስት የተወሰኑ ድምፆች አይወጣም፤ ከነዚህ ውስጥ ለጓደኛው የሚቀርበውን እየመረጠ ያጅበዋል። ደራሲው ይህን አሠራር ከላቲን በተገኘ ቃል በትንንሽ ደወሎች ስም ሰየመው። አንደኛው ድምፅ የሚባዝን ልጅ፥ ሁለተኛውም ከቤት ሳትወጣ የምትጠብቀው ወላጅ ይመስሉኛል። ሐረጎቹም አንድ ድምፅ እየተጨመረባቸው ይረዝሙና፥ መሀል ሲደርሱ እንደ ገና አንድ በአንድ እየቀነሱ ያጥራሉ።

አሊና ማን እንደ ሆነች ያወቅሁት ግን ከሁሉ በኋላ ነው። የፔርት ወዳጆች ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ 18 ነበር። ቤተ ሰቡ ተለያይቶ ልጅቱ ከአባቷ ጋር በእንግሊዝ አገር ትኖር ነበር፤ ድርሰቱም ልጅዋን ለናፈቀችው እናት መጽናኛ ይሆን ዘንድ ተጻፈ። ይህን ባነበብሁበት ማታ፥ በዚያ ቅዳሜ «ከመጀመሪያው ያሰሙን» ብሎ የለመነውን ጓደኛዬን አሰብሁ። ስለ አሊና እናት ማንም አልነገረውም ነበር። እንዴት እንደ ሰማው እኔ አላውቅም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ስሥቅ ነበር።

ወደ ድምፅ ውስጥ መግባት

ከዚህ የሚቀጥሉት ሁለት ሴቶች ዜማ ከመሥራት ይልቅ ድምፅን ራሱን መርምረዋል። አሜሪካዊቷ ፖሊን ኦሊቬሮስ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበረች። በ1988 ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ከምድር በታች ከአራት ሜትር በላይ ወደሚወርድ ባዶ የውሃ ማጠራቀሚያ ገባች። በዚያ ቦታ አንድ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የገደል ማሚቶው 45 ሴኮንድ ያህል ይቈያል። አሁን የተነፋው ትሮምቦን ቀድሞ ከተነፋው ጋር ስለሚገናኝ ሦስት ሰዎች እንደ ብዙ ማኅበር ሆነው ይሰማሉ። በዚህ ስፍራ የሚቸኵል ሰው ሁሉን ያደበላልቃል፤ አስቀድሞ ማዳመጥ፥ ቀጥሎ መናገር ግድ ነው። ኦሊቬሮስ ይህን ሙያ «ጥልቅ ማዳመጥ» ብላ ጠራችው፤ በ2016 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስም ለብዙ ሰዎች አስተማረች። መስማት በጆሮ ብቻ የሚሆን ሲሆን ማዳመጥ ግን በልብ የሚደረግ ነው የምትለው ትምህርቷ፥ «ልብ በል» ለሚል ሕዝብ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1932 በፓሪስ የተወለደችው ኤሊያን ራዲግ ደግሞ በሲንተሳይዘርና በቴፕ ብዙ ዓመት ሠርታለች። በሙዚቃዋ ውስጥ አንድ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይቈማል፤ የማይለወጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥላ በግቢ ውስጥ እንደሚሄድ ሳናየው ይለወጣል። ምክንያቱን የፊዚክስ ትምህርታችን ያስረዳናል። በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅና 441 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አብረው ቢሰሙ፥ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ይፈጠራል። ክራር የሚቃኝ ሰው ሁለት አውታሮች ሊገናኙ ሲቃረቡ ይህን ሞገድ ይሰማዋል፤ ቶሎ ብሎም ያስተካክለዋል። ራዲግ ግን ሌላው የሚያጠፋውን ሞገድ ይዛ ሙዚቃ አደረገችው። «የሞት ሦስትዮሽ» የተባለው ድርሰቷ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፥ ይህን በመሥራት ላይ ሳለች በ1989 ልጇ በመኪና አደጋ ሞተባት። ሥራውን በ1993 ፈጸመች።

ስለ ርዝመት ከተነሣ ሁለት ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው ሞርተን ፌልድማን በ1983 የጻፈው ሁለተኛው የአውታር አራትዮሽ ሳይቋረጥ ሲጫወቱት ስድስት ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ እርሱም ከዳር እስከ ዳር ለማለት ይቻላል በለሆሳስ ነው። በጀርመን አገር በሃልበርሽታት ከተማ በአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ፥ የጆን ኬጅ የኦርጋን ድርሰት በተቻለ መጠን በዝግታ ይጫወት ስለሚል፥ 639 ዓመት እንዲፈጅ ተደርጎ በ2001 ተጀመረ። ድርሰቱ በዝምታ ስለሚከፍት የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማው በ2003 ነው። የሚያልቀው በ2640 ስለ ሆነ፥ ፍጻሜውን ለመስማት የሚሻ ሰው ለልጅ ልጁ ልጆች አደራ ማለት ይኖርበታል።

ስድሳ ሰባት ዓመት የጠበቀች ድርሰት

ወደ ለንደኑ አዳራሽ እንመለስ። በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን፥ ጁን 24 ቀን 2016፥ የዳፍኒ ኦራም «ስቲል ፖይንት» የተባለ ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ኦራም ይህን የጻፈችው በ1949 ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሳለች ነው። በእንግሊዝ ራዲዮ በድምፅ ሠራተኛነት ታገለግል ስለ ነበር ድርሰቱን ለሁለት ኦርኬስትራ፥ ለሸክላ ማጫወቻዎችና ለማይክሮፎኖች አዘጋጀችው። ኦርኬስትራው ሲጫወት በሸክላ የተቀዳው ድምፅ በዚያው ቅጽበት እየተለወጠ እንዲጨመርበት አሰበች። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ስላልተለመደ ራዲዮ ጣቢያው አልተቀበለውም። በኋላ በ1958 የጣቢያው የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መሥሪያ ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች፤ በ2003 ግን ድርሰቷን በጆሮዋ ሳትሰማው ሞተች።

ከ1949 እስከ 2016 ድረስ 67 ዓመት ይሆናል። ይህች ሴት በወረቀት ላይ የሰማችውን ድምፅ ሌሎች ሰዎች በጆሮ እስኪሰሙት ድረስ የፈጀው ጊዜ ይህን ያህል ነው። እንደዚህ ያሉ በዓላት ከሚሰጡት ጥቅም አንዱም ይኸው ነው፤ ቸኵለን ያለፍነውን ሥራ እንደ ገና ተቀምጠን እንድንሰማው ዕድል ይሰጡናል።

ስለሚነሣው ተቃውሞ

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሙዚቃ «የሰነፍ ሥራ» ይሉታል። እኔም እንደዚሁ አስቤ፥ «ለአሊና»ን በክበባችን ኪቦርድ ለመጫወት ሞከርሁ። ድምፆቹን ለማግኘት ሁለት ቀን በቃኝ። ነገር ግን አንዱ ጣቴ ትንሽ ጠንከር ብሎ ቢያርፍ ነገሩ ሁሉ ይሰበራል። ፈጥኖ በሚሄድ ዜማ ውስጥ ስሕተት መሸሸጊያ ያገኛል፤ እዚህ ግን በነጭ ነጠላ ላይ እንደ ወደቀ የቀለም ነጥብ ይታያል። አንድ ወር ሙሉ ተለማምጄ እስካሁን አልሆነልኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ልናገር። ዝግ ያለ ነገር ሁሉ ጥልቅ አይደለም፤ ረጅም ነገርም ሁሉ ታላቅ አይደለም። ከሰማኋቸው መካከል ያሰለቹኝ አሉ፤ የፌልድማንን አራትዮሽ ስሰማም አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ታናሽ እኅቴ ቀስቅሳኝ «ይህ ነው ጽሞና?» ብላ ተሣለቀችብኝ፤ የተገባኝም ነው።

የእኛይቱ መነኵሲት

ይህን ሳጠና አንዲት ኢትዮጵያዊት ደጋግማ ትዝ አለችኝ፤ እርሷም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ተማሩ። በ1937 ፋሺስቶች ከቤተ ሰባቸው ጋር ማርከው ወደ ኢጣልያ ደሴት ወደ አሲናራ ወሰዷቸው። እንግዲህ እርሳቸውም እንደ ሜሲያን የምርኮን ኑሮ ያዩ ናቸው። በኋላ በግሸን ማርያም መንኵሰው፥ ዘመናቸውንም በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም ፈጽመው በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የፒያኖ ድርሰታቸው በ2006 ተሰብስቦ ከወጣ ወዲህ በብዙ አገር ይሰማል። ለአውሮፓ ጆሮ አውሮፓዊ ይመስላል፤ ለእኛ ጆሮ ግን በመካከሉ የቅኝታችንና የዜማችን መንፈስ አለበት። አያቴ አንድ ቀን ከስልኬ ሲሰማ ሰምታ «ይህ በገና ነው ወይስ ምንድን ነው?» አለችኝ። ፒያኖ መሆኑን ብነግራትም አላመነችኝም። በዐቢይ ጾም በገና ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደምትቀመጥ ሁሉ ያን ዕለትም እስኪያልቅ ድረስ እንደዚሁ ተቀመጠች። እኔ ዓመት ሙሉ የተማርሁትን እርሷ ሳትማረው ታውቀው ኖሯል።

አራት ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ በትምህርት ቤታችን

በመጨረሻ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ መምህራችንን አስፈቅጄ የኬጅን ድርሰት በክበባችን አደረግነው። የኪቦርዱን ክዳን ዘጋሁና በሰዓት ተቀመጥሁ። ስልኮች ሁሉ ጠፉ። በመጀመሪያው ደቂቃ ሁለት ልጆች ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው በመሐረብ አፈኑት፤ የአንዱ ሆድም ጮኸ። ኋላ ግን ሁሉም ተረጋጋ። ሲፈጸም እያንዳንዳችን የሰማነውን በወረቀት ጽፈን አነበብን።

ሁላችንም በቆርቆሮው ላይ የወረደውን ካፊያ ጽፈናል። ብዙዎቻችን የቆራሌውን ጥሪ፥ የታክሲውን ረዳት፥ ከሩቅ የሚመታውን የብረት ሠራተኛ መዶሻ ጽፈናል። አንዲት ልጅ የራሷን ትንፋሽ ጻፈች። ያ ያልሳቀው ጓደኛችን ግን ሌሎቻችን ያልሰማነውን ጽፎ ነበር፤ «ከአጥሩ በስተጀርባ አንዲት ሴት ልጅዋን ና ግባ፥ ዝናብ ነው ስትል» ይላል።

እንደ ሌሎቹ ወረቀቱን አንብቦ ተቀመጠ። ማንም አልተናገረም፤ እኔም ምንም አላልሁም። ይህን ጊዜ ዝም ማለቴ መምህራችን በሰጡኝ ሥራ ውስጥ በትክክል የፈጸምሁት ክፍል ይመስለኛል።

ውድ ወላጆች፥ የተከበራችሁ መምህራንና ጓደኞቼ! ይህን ሙዚቃ ሁላችሁ ውደዱት ብዬ አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልትሰሙት ስትወዱ ማታ፥ ሥራ ሲያልቅ፥ ስልካችሁን አርቃችሁ «ለአሊና»ን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ የመጨረሻው ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋም ድረስ ቶሎ አትነሡ። ካልጣማችሁ ሳቁ፤ ነገር ግን ከመሣቃችሁ በፊት በአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ፊት ተመልከቱ። እኔ ያን ዕለት ሳልመለከት ቀርቻለሁና፥ ለዚያ ጓደኛዬ በዚህ ጽሑፍ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።